ኦርታኮይ መስጂድ ሚናራ የተተከለለት ቤተ ክርስቲያን አይደለም፦ ለአንድ የጉዞ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የነበረ አንድ የጉዞ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ስለ ኢስታንቡሉ ኦርታኮይ መስጂድ ነው። ፎቶውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ውሃው ጠርዝ ላይ የቆመ ነጭ መስጂድ፣ ሁለት ቀጫጭን ሚናራ፣ ከጀርባው ደግሞ የከተማዋን የአውሮፓና የእስያ ዳር የሚለየውን የቦስፎረስ ውሃ የሚሻገረው ያ ግዙፍ ድልድይ። ጸሐፊው ሁለት ቀን ኢስታንቡል ቆይተው ሲመለሱ ነው የጻፉት። አጻጻፋቸው ይጥማል፣ እሱን አልክድም። ግን ካሉት አብዛኛው ልክ አይደለም። አንዳንዱማ ሰው በሩ ድረስ ሄዶ ሳይገባ እንዲመለስ የሚያደርግ ነው። ዝም ማለት ከበደኝ።

ባጭሩ ያሉት ይህ ነው። መስጂዱን የሠራው ከአውሮፓ የመጣ ጣሊያናዊ ነው። ሕንፃው ሲታይ መስጂድ ሳይሆን ሚናራ የተተከለለት ቤተ ክርስቲያን ነው። ታላቁ የኦቶማን አርክቴክት ሲናን ከሞተ በኋላ የኦቶማን ሥነ ሕንፃ ወድቋል፣ ይህም የውድቀቱ ማሳያ ነው። የሱልጣን መታያ እንጂ የሰፈር መስጂድ አይደለም። ግዛቱን የውጭ ዕዳ ውስጥ የከተተው እንዲህ ያለው ግንባታ ነው። ከተሠራ ጀምሮ ማንም ሳይነካው እንዳለ አለ። እና በመጨረሻ፣ ከውጭ ፎቶ አንስቶ መሄድ ይበቃል፣ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም።

እኔ ለትምህርት ሦስት ዓመት ኢስታንቡል ኖሬያለሁ። ክፍሌ ከኦርታኮይ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነበር። ጁምዓን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሰገድኩት። ስለዚህ አንድ በአንድ ልሂድበት። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከጣሊያናዊው እንጀምር። ጣሊያናዊ የለም። መስጂዱ ከ1853 እስከ 1856 ባለው ጊዜ ነው የተሠራው። ያሠሩት ሱልጣን አብዱልመጂድ ናቸው። ሥራው የሚነገረው በኒጎጎስ ባልያን ስም ነው፣ አባቱ ጋራቤት ባልያንም አብረው ይጠቀሳሉ። ባልያኖች የኢስታንቡል አርመኖች ናቸው። ለሱልጣኖቹ ሲገነቡ ትውልድ የቆጠሩ ቤተሰብ ናቸው። አያትየው ክሪኮር ባልያን የኑስረቲዬን መስጂድ በ1826 ጨረሱ። ልጃቸው ጋራቤት ትልቁን የዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ሠሩ። የልጅ ልጁ ኒጎጎስ የተወለደው አያቱ ኑስረቲዬን በጨረሱበት በዚያው በ1826 ነው። ፓሪስ ተልኮ ተምሯል። ኦርታኮይ ሲሠራ ገና ሠላሳ አልሞላውም ነበር። በ1858፣ መስጂዱ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በዚያው ሱልጣን ዘመን፣ ከ1847 እስከ 1849፣ ሀጊያ ሶፊያን ያደሱት የፎሳቲ ወንድማማቾች ከጣሊያንኛ ተናጋሪው የስዊዘርላንድ ክፍል የመጡ ናቸው። ኋላም በሱልጣን አብዱልሐሚድ ዘመን ራይሞንዶ ዳሮንኮ የሚባል እውነተኛ ጣሊያናዊ ኢስታንቡል ውስጥ ብዙ ሠርቷል። አስጎብኚዎች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያምታቱታል። ኦርታኮይ ግን የሁለቱም አይደለም።

ጸሐፊው ምናልባት «አርመንም ቢሆን ያው የውጭ ሰው ነው» ይሉኝ ይሆናል። ይህን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ልንለው አይገባም። ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1924 ከአርባ ልጆች ጋር አዲስ አበባ ገብተው የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙራችንን የደረሱ ሰው ናቸው። ማን የውጭ ሰው ብሎ ይጠራቸዋል? ባልያኖች ደግሞ እዚያው የተወለዱ፣ እዚያው ያደጉ፣ እዚያው የሠሩ የከተማዋ ልጆች ናቸው። ኒጎጎስ ፓሪስ ተማረ ማለት ፈረንሳዊ ሆነ ማለት አይደለም። የተማረውን ይዞ ቤቱ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቤተ ክርስቲያን ይመስላል የሚለው።

ከውጭ ቆሞ ላየው ሰው እንዲህ ማሰብ ቀላል ነው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባ፣ ቅጠልና ዛጎል፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዙት ዓምዶች፣ የተጠማዘዘው ጠርዝ፣ ሁሉም አውሮፓ ውስጥ ይሠራበት የነበረ ነው። ባሮክ ይባላል። ይህን ማንም አይክድም። ግን ሕንፃ ልብሱ ብቻ አይደለም። አካሉን ማየት ያስፈልጋል።

አካሉ እንዲህ ነው። የመስገጃው ክፍል አራት ማዕዘን ነው፣ እያንዳንዱ ጎን 12 ሜትር ገደማ። በላዩ አንድ ጉልላት ተደፍቶበታል። መሐል ላይ አንድም ዓምድ የለም። አንዱ የሰጋጆች ረድፍ፣ ሰፉ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሳይቆረጥ ይዘረጋል፣ ኢማሙን ከየትም ሆነህ ታየዋለህ። ይሄ ነው የኦቶማን መስጂድ ሐሳብ። ጉልላቱ ክብ ነው፣ ክፍሉ ግን አራት ማዕዘን። ታዲያ ክቡ እንዴት ማዕዘኑ ላይ ተቀመጠ? አራት ትልልቅ ቅስቶች ከአራቱ ማዕዘን ይነሳሉ። በቅስቶቹ መሐል ያለውን ክፍተት ሦስት ማዕዘን የመሰለ የተጠማዘዘ ግንብ ይሞላዋል። ጉልላቱ እዚያ ላይ ያርፋል። ክብደቱ በቅስቶቹ ወርዶ አራቱ ማዕዘን ላይ ይከማቻል። ጉልላት ግን ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ ወደ ውጭም ይገፋል። ለዚህ ነው በአራቱ ማዕዘን ጣሪያው ላይ ትንንሽ ማማዎች የምታዩት። ለጌጥ ብቻ ይመስላሉ። በክብደታቸው ማዕዘኑን ወደ ታች ተጭነው ይይዙታል፣ ግፊቱ እንዳይከፍተው።

እንግዲህ ክብደቱ ማዕዘን ላይ ከሄደ፣ በመሐል ያለው ግድግዳ የሚሸከመው ብዙ ነገር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ልትበሳው ትችላለህ። ኒጎጎስ በሳው። በሁለት ረድፍ ረጃጅም መስኮቶች ደረደረበት። ያ መስጂድ ከውጭ ድንጋይ፣ ከውስጥ ብርሃን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ከአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ ነው? አይደለም። ጸሐፊው የሚያደንቁት ራሱ ሲናን በ1560ዎቹ ኤዲርኔካፒ ላይ ለልዕልት ሚህሪማህ የሠራው መስጂድ በትክክል ይህ ነው። አንድ ጉልላት፣ ስፋቱ 20 ሜትር ገደማ፣ አራት ቅስት፣ ማዕዘኑ ላይ ማማ፣ በቅስቶቹ ሥር ያለው ግድግዳ በመስኮት የተሞላ። በ1755 የተጠናቀቀው የኑሩኦስማኒዬ መስጂድም ያንኑ አካል ይዞ የባሮክን ልብስ ለበሰ። ኦርታኮይ የእነዚህ የልጅ ልጅ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ጸሐፊው ልብሱን አይተው ዘሩን ካዱት።

ሌላም አለ። ውስጥ ግቡና የሰው ወይም የእንስሳ ምስል ፈልጉ። አታገኙም። አበባ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ጌጠኛ ሥዕል አለ። ነፍስ ያለው ነገር የለም። አውሮፓ ውስጥ ያ የባሮክ ቅርጽ መልአክና ቅዱሳን ሳይሸከም አይውልም። እዚህ ሠሪዎቹ ቅርጹን ወስደው ምስሉን ተዉት። መርጠው ነው የወሰዱት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትም የዐረብኛ ጽሑፎች ናቸው። ከነሱ መሐል ሱልጣን አብዱልመጂድ በገዛ እጃቸው የጻፏቸው አሉ። ሱልጣኑ የሠለጠኑ የቁም ጽሑፍ ሰው ነበሩ።

የውድቀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ራሳቸውን ይቃረናሉ። ሲናን የሞተው በ1588 ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራ ሁሉ ውድቀት ነው ካሉ በኋላ ሁለት አንቀጽ ወርደው ሰማያዊውን መስጂድ፣ ሱልጣን አሕመድን፣ የኦቶማን ጥበብ ጫፍ ይሉታል። ሱልጣን አሕመድ መስጂድ የተጀመረው በ1609 ነው፣ ሲናን ከሞተ 21 ዓመት በኋላ። ያለቀው በ1617። ታዲያ ውድቀቱ መቼ ጀመረ?

እውነቱን ለመናገር፣ ኦርታኮይ ላይ ለኔም የሚበዛብኝ ነገር አለ። ከውጭ ያለው ቅርጽ ዓይን አያሳርፍም፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። ሲናን በሠራው በሱለይማኒዬ መስጂድ ቆሜ የሚሰማኝ ዓይነት ዕረፍት እዚያ አይሰማኝም። ይህ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። ኦቶማኖቹ ራሳቸውም ተከራክረውበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አርክቴክት ከማለዲን ወደ ጥንቱ አሠራር እንመለስ ብሎ በ1913 ቤቤክ ላይ ትንሽዬ መስጂድ ሠራ፣ ከኦርታኮይ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ቦስፎረስ ዳር። ሁለቱን ባንድ ቀን ማየት ይቻላል። ክርክር ያለበት ነገር ሕይወት አለው። የሞተ ነገር ላይ ማንም አይከራከርም።

የሰፈር መስጂድ አይደለም የሚለው ነው ግን በጣም ያሳዘነኝ።

ሱልጣን ያሠራው መሆኑ ልክ ነው። ሁለት ሚናራ ያለው ለዚህ ነው። በኦቶማን ወግ ከአንድ በላይ ሚናራ የሚተከለው የሱልጣኑ ቤተሰብ ባሠራው መስጂድ ላይ ነው። ከመግቢያው በኩል ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ክፍልም የሱልጣኑ ማረፊያ ነው፣ ቱርኮቹ ሁንካር ካስሪ ይሉታል። ጸሐፊው ይህን ክፍል አይተው «መስጂድ ላይ የተለጠፈ ቤተ መንግሥት» አሉት። ግን ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ያው የሚያደንቁት ሱልጣን አሕመድ መስጂድም አለው።

ደግሞ ክፍሉ ሥራ ነበረው። ሱልጣኑ በየሳምንቱ ጁምዓን ሕዝብ መሐል ወጥተው የመስገድ ግዴታ ነበረባቸው። ሥነ ሥርዓቱ ሰላምሊክ ይባላል። በጀልባ ወይም በፈረስ ይመጣሉ፣ ሕዝብ ያያቸዋል፣ አቤቱታ ያለው አቤቱታውን ያቀርባል። ቤተ መንግሥት በር ላይ የማይደርስ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ወረቀቱን ይሰጣል። እኛ አቤት ባይነትን የምናውቅ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣኖቹ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ከቶፕካፒ ወጥተው ቦስፎረስ ዳር መኖር ሲጀምሩ ጁምዓውም አብሯቸው መጣ። በውሃው ዳር ያሉ መንደሮች ሱልጣን የሚያሠራው መስጂድ ያገኙት እንዲህ ነው። ከኦርታኮይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ዪልዲዝ ቤተ መንግሥት ደጅ ላይ፣ ሱልጣን አብዱልመጂድ ቀደም ብለው በ1848 ያሠሩት ሌላ መስጂድ አለ። እሱ ትንሹ መጂዲዬ ነው። ኦርታኮይ ደግሞ በሰነድ ስሙ ትልቁ መጂዲዬ ነው። በሰነድ ብቻ። ሰፈርተኛው ኦርታኮይ ጃሚ ነው የሚለው፣ በሰፈሩ ስም።

ሰፈሩ ደግሞ ከመስጂዱ ይቀድማል። ኦርታኮይ ማለት መካከለኛው መንደር ማለት ነው። እዚያው ቦታ ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ትንሽ መስጂድ ነበር። ያሁኑ በእሱ እግር ነው የተተካው። ዋናው መንገድ ላይ በሲናን ስም የሚታወቅ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐማም አለ፣ የሑስሬቭ ከትኹዳ ሐማም። ከመስጂዱ ጥቂት ደቂቃ ስትራመዱ የአይሁዶቹ ኤጽ ሐይም ምኩራብ አለ፣ የግሪኮቹ የቅዱስ ፎካስ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የአርመኖቹም ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህን ሰፈር ይህ መስጂድ ሳይኖርበት ማሰብ አይቻልም፣ መስጂዱንም ያለ ጎረቤቶቹ እንደዚያው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ክረምት ነበር፣ የነሱ ክረምት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። የቀትሩ ሰላት፣ ዙሁር፣ ሊደርስ ሲል ገባሁ። ከኔ ፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በአንድ እጃቸው የሽንኩርት ፌስታል፣ በሌላው ጫማቸው። ፌስታሉን ምንጣፉ ዳር ግድግዳው ሥር አስቀመጡት፣ ሁልጊዜ የሚያስቀምጡበት ቦታ እንደሆነ ያስታውቃል። ጎናቸው ደግሞ መንገድ ላይ ኩምፒር የሚሸጥ ልጅ ቆመ። ኩምፒር ያ በምድጃ የተጠበሰ ትልቅ ድንች ነው፣ ቅቤና አይብ ተደርጎበት ሰላጣ የሚከመርበት፣ የኦርታኮይ መታወቂያ። ልጁ ሽርጡን እንኳን አላወለቀም። ሰገድን። ስንጨርስ ሽማግሌው ዞረው ከየት ነህ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው አልገባቸውም። ሐበሺስታን አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ቢላሊ ሐበሺ» አሉ። የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ማለትም አዛን አድራጊ፣ የኛው ቢላል። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ሚናራው አቅጣጫ አነሱ። ቱርክ አገር ሙአዚኖች ቢላልን የሙያቸው አባት አድርገው እንደሚያዩ ኋላ ነው የተረዳሁት። ሽማግሌው ፌስታላቸውን አንስተው ሄዱ። እነዚህ ሰዎች የየቀኑ ሰጋጆች ናቸው። ጸሐፊው ቅዳሜ ከሰዓት ቱሪስት መሐል ቆመው የሰፈር ሰው አላየሁም አሉ። ማክሰኞ ዙሁር ላይ ይምጡ።

ወደ ዕዳው። ሱልጣን አብዱልመጂድ ብዙ ገንዘብ በግንባታ ማጥፋታቸው እውነት ነው፣ በተለይ ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ላይ። በዚህ ጸሐፊውን አልከራከራቸውም። ግን የኦቶማን መንግሥት የመጀመሪያውን የውጭ ብድር የተበደረው በ1854 ነው። ያኔ ምን ነበር? ከሩስያ ጋር ጦርነት ላይ ነበር፣ የክራይሚያ ጦርነት፣ ከ1853 እስከ 1856። ብድሩ የጦርነት ብድር ነው። ከዚያ በኋላ ብድር በብድር ላይ ተደራረበ፣ በቀጣዩ ሱልጣን በአብዱልአዚዝ ጊዜ ለባሕር ኃይል ትልልቅ የጦር መርከቦች ተገዙ፣ ቤተ መንግሥት ተጨመረ፣ ወለዱ ሌላ ብድር ጠራ፣ በ1875 መንግሥት ዕዳዬን በሙሉ መክፈል አልችልም አለ፣ በ1881 ደግሞ አበዳሪዎቹ አንዳንዱን ግብር ራሳቸው የሚሰበስቡበት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ የሃያ ሰባት ዓመት ታሪክ ነው። ይህን ሁሉ ጎኑ 12 ሜትር ባለ መስገጃ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። የመስጂዱ መሠረት ሲጣል ግዛቱ ለውጭ ሰው ገና አንድ ሳንቲም የብድር ዕዳ አልነበረበትም።

ሳይነካ እንዳለ አለ ያሉት ደግሞ ጉዳት ያለው ስህተት ነው። ሰው እንዲህ ሲባል ሕንፃ በራሱ የሚቆም ይመስለዋል።

ኦርታኮይ መስጂድ ብዙ ተነክቷል፣ ብዙም ተጎድቷል። በሐምሌ 1894 ኢስታንቡልን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታ። ሚናራዎቹ ተጎዱ፣ በኋላ ተጠገኑ። ቀጫጭን ናቸው አላልኳችሁም? በመንቀጥቀጥ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ የባሰ መጣ። መስጂዱ የቆመው ውሃ ጠርዝ ላይ ነው፣ መሬቱ ለስላሳ ነው። ሕንፃው መስመጥ ጀመረ፣ ጉልላቱ ተሰነጠቀ። በመሠረቱ ሥር ምሰሶ ወደ ጠንካራው መሬት ወርዶ ተደገፈ። በጡብ የተሠራው የድሮ ጉልላት በኮንክሪት ተተካ። ዛሬ ቀና ብላችሁ የምታዩት ወደ ሮዝ የሚያደላው ጉልላት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ አይደለም። በ1984 ደግሞ እሳት ተነሳበት። ከዚያም ተጠገነ። ኋላ ከ2011 ጀምሮ ተዘግቶ ሰፊ እድሳት ተደረገለት፣ በ2014 ለሰጋጅ ተከፈተ።

ይህን የምዘረዝረው ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም። እኛ አገር ያረጀ መስጂድ ሆነ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ይፍረስና በአዲስ ይሠራ። እኔ ልጅ ሆኜ የሰገድኩበት የሰፈራችን መስጂድ እንዲህ ነው የጠፋው። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚያቃስት፣ ደስ የሚል ቤት ነበር። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ፈርሶ በብሎኬት ተተካ። ሊጠገን ይችላል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ኦርታኮይ ግን ሲሰምጥ ደገፉት፣ ሲቃጠል መለሱት። አዎ፣ ጉልላቱን በኮንክሪት መተካታቸው ዛሬ ባለሙያ ቢጠየቅ ሌላ መንገድ ይመርጥ ይሆናል። ግን ቤቱ ቆሟል። ሳይነካ ቆየ ስንል የነዚያን ሁሉ ሠራተኞች ድካም እናጠፋዋለን።

የቀረው የመጨረሻው ምክራቸው ነው። ከውጭ ፎቶ ይበቃል፣ ውስጥ የሚታይ የለም የሚለው።

ፎቶው ቆንጆ ነው፣ ግን ድልድዩ የተከፈተው በ1973 ነው። መስጂዱ 117 ዓመት ያለ ድልድይ ኖሯል። የተሠራው ከድልድይ ጋር ፎቶ እንዲነሳ አይደለም፣ ከውሃ ጋር እንዲኖር ነው። ይህ የሚገባው ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

ኦርታኮይ በአውሮፓው ዳር ነው ያለው። ፀሐይ የምትወጣው ከማዶ፣ ከእስያው በኩል፣ በውሃው ላይ ነው። ጠዋት ብርሃኑ በነዚያ ረጃጅም መስኮቶች ይገባል። በሁለት መንገድ ይገባል። አንዱ ቀጥታ ከሰማይ ነው። ሌላው ውሃውን መትቶ ከታች ወደ ላይ ይመለሳል። መርከብ ሲያልፍ ውሃው ይናወጣል፣ ያኔ የመስኮቱ ላይኛው ደፍ ላይ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ቀጭን የብር ክር ይሆናል፣ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። መርከቡ ሩቅ ከሄደም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። እኔ ይህን ያየሁት ፈተና ወድቄ ልቤ በተሰበረበት አንድ ጠዋት ነው። ከንጋቱ ሰላት፣ ከሱብሂ በኋላ፣ ቤት መሄድ አስጠላኝና ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ፀሐይ ስትወጣ የቂብላውን አቅጣጫ በሚያሳየው በሚሕራቡ እምነበረድ ላይ ያ ብርሃን መጣ። የሱልጣኑ ሰዎች ያን ያህል መስኮት ለምን እንደፈለጉ ያን ጠዋት ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። አርክቴክቱ በድንጋይ ብቻ አልሠራም። ቦስፎረስንም አስገብቶታል።

ስለዚህ ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ፣ አንድ ቀን የምታድሩ ሰዎች፣ ጸሐፊውን ስለሰማችሁ በሩ ላይ አትመለሱ። በሰላት ሰዓት ከሆነ የማይሰግድ ጎብኚ ትንሽ መጠበቅ አለበት፣ ሰላቱ እስኪያልቅ። ሴቶች ሻሽ ያዙ። ጫማችሁን አውልቁ። ከቻላችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ቱሪስቱ ሳይበዛ፣ ኩምፒር ሻጮቹ ገና ድንኳናቸውን ሲከፍቱ። ገብታችሁ መሐል አትቁሙ፣ ወደ ዳር ሂዱና ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ። መጀመሪያ አራቱን ቅስቶች እዩ፣ ከዚያ ማዕዘኖቹን፣ ከዚያ ጉልላቱን። ከዚያ ውጭ መርከብ ሲያልፍ ስትሰሙ ዓይናችሁን ወደ መስኮቱ ላይኛው ደፍ አድርጉ። ፎቶውን ስትወጡ ታነሱታላችሁ።